ድምፁ ምን ይላል?

   (አንድ ነገር አስቀድመን እናሳውቅ፤ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ‹‹እኛ›› የምንለው አንዲት ልጅ ነን። ጋዜጠኝነት ስንማር ‹‹እኔ እኔ አትበሉ›› እየተባልን አራት ዓመት ከርመን፣ ሥራው ባይገኝ እንኳ ልማዱ ተገኘ። ሌላ ትርጉም እንዳትሰጡት።)

ባለፈው ጥር አገር ቤት ገብተን ነበር። አገር ቤታችን አዊ ነው፣ እንጅባራ። ኮሶበር የሚሏትም አሉ። ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ስለሆነ፣ ፈረሱን ለማየትም፣ የእናታችንን ጠላ ለመቅመስም፣ ‹‹ሥራ አገኘሽ ወይ?›› ለሚለው ጥያቄ በአካል ተገኝተን መልስ ለመስጠትም ነው የሄድነው። (አላገኘንም። ይኸው መለስን።)

በበዓሉ ማግስት ጋሼ መጡና ‹‹ተነሺ፣ ዘንገና እንሂድ›› አሉን። ጋሼ የእናታችን ታላቅ ወንድም ናቸው። ስማቸውን አንጽፍም፤ እንዳንጽፍ አስምለውናል። ዕድሜያቸው ስልሳን አልፏል፣ አንገታቸው ላይ ሁልጊዜ እንደ ጥንግ ድርብ የማይለያቸው አንድ አሮጌ የጆሮ መከላከያ አለ። ሁለት ትልልቅ ጎድጓዳ ኩባያ የሚመስል ነገር በብረት ቅስት የተያያዘ። የእንጅባራ ውርጭ ሲጠና ጆሯቸው ላይ ያደርጉታል። የሰፈር ልጆች ሙዚቃ የሚሰሙ እየመሰላቸው ‹‹ጋሼ፣ ማንን ነው የሚሰሙት?›› ይሏቸዋል። ጋሼ አይመልሱም። አልሰሟቸውማ!

ዘንገናን ላላያችሁ፤ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና አጠገብ፣ ከእንጅባራ በባጃጅ ደቂቃዎች ብቻ የሚያስኬድ ሐይቅ ነው። ክብ ነው። ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር ነው። እሳተ ገሞራ መሬቱን ከውስጥ ፈንድቶ የቀደደው ጉድጓድ ነው በውኃ የሞላው። ዙሪያው ዛፍ ነው፣ ዛፉ ላይ ጦጣ አለ፣ የጦጣው ዓይን ደግሞ የያዝነው ዳቦ ላይ ነው። ነፋስ ከሌለ ጭልጥ ያለ ዝምታ ነው። ጋሼ ቦታውን የሚወዱት ለዚህ ዝምታ ይመስለን ነበር። ለካ ምክንያቱ ሌላ ነው።

‹‹ደብረ ዘይትን ያስታውሰኛል›› አሉን።

እውነት ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች፣ እነ ሆራ፣ እነ ባቦጋያ፣ እንደ ዘንገና የፍንዳታ ጉድጓዶች ናቸው። ጋሼ በ1973 ዓ.ም. ከአዊ ወጥተው አየር ኃይል የገቡት፣ አሥር ዓመት የኖሩትም እዚያው ቢሾፍቱ፣ በያኔ ስሟ ደብረ ዘይት ነው። ፓይለት አልነበሩም። የጄት ሞተር ቴክኒሻን ነበሩ። ሶቪየት ኅብረት ልከው አስተምረዋቸው፣ ተመልሰው ሚግ-21 ላይ ሠርተዋል። ግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን ወደ አገራቸው የተመለሱት ያን የጆሮ መከላከያ ብቻ ይዘው ነው። እንግዲህ ሰው ከአሥር ዓመት ሥራ የሚተርፈውን አይመርጥም።

ዳቦውን ከጦጣ እየተከላከልን ሳለ ከወደ ደቡብ ድምፅ መጣ። የሰማይ ድምፅ።

እኛ ልጅ ሳለን የሰማይ ድምፅ ሲመጣ ደጅ ወጥተን እጃችንን እናውለበልብ ነበር። ዛሬ በእኛ አካባቢ ሰው ቀና የሚለው ለመደነቅ አይደለም። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከእኛ ብዙም በማትርቀው ፍኖተ ሰላም ከሰማይ በወረደ ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተዘግቧል። ከዚያ ወዲህ ልጆች እንኳ ድምፅ ሲሰሙ መጀመሪያ የሚፈልጉት ዛፍ ነው። ከብት ሲጠብቁ የነበሩ ሦስት ልጆች ሮጠው ዛፍ ሥር ገቡ። የእኛም ልብ ድው ድው አለ።

ጋሼ ምንም አልሰሙም። የእኛን አንገት አይተው ነው ‹‹ምንድን ነው?›› ያሉት።

‹‹አውሮፕላን ነው መሰል።››

‹‹‹መሰል›ን ተዪው። ድምፁ ምን ይላል?››

‹‹ጓ… ይላል።››

‹‹ጓ!›› አሉ ጋሼ፣ ወደ ጦጣዎቹ ዞረው፣ እንደሚያሙን ሁሉ። ‹‹አራት ዓመት ተምራ፣ ጓ!››

ድምፁ አልፎ ሄደ። ምንም አልሆነም። ልጆቹ ከዛፉ ሥር ወጡ። የእኛ ትምህርት ግን የጀመረው ያኔ ነው።

* * *

‹‹አየሽ ልጄ›› አሉ ጋሼ ‹‹እኔ ጆሮ የለኝም፤ አንቺ አለሽ። ጋዜጠኛ ናት ሲሉሽ ሰምቻለሁ። ጆሮ ለሌለው ሰው ድምፅ መንገር ካልቻልሽ ምኑን ጋዜጠኛ ሆንሽው?››

የጋሼ ጆሮ በአንድ ቀን አይደለም የሄደው። መጀመሪያ የሄዱት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው። የወፍ ድምፅ፣ የሕፃን ድምፅ፣ የእኛ የልጅነት ድምፅ። ወፍራም ድምፅ በደረታቸው ይገባቸዋል፣ ሲያወሯቸውም አፍ አይተው ይረዳሉ። ጄት ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲነሳ አጠገቡ ያለው ድምፅ ወደ 140 ዴሲቤል ይደርሳል፤ ጆሮን የሚያም መጠን ነው። መከላከያ ቢያደርጉም ድምፁ በአጥንት ይገባል። አሁን ወፍጮ ቤት ሞተር ሲታመም ጋሼን ይጠሯቸዋል፤ እሳቸውም የካቻቢቴውን እጀታ ጥርሳቸው ላይ አድርገው፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ አስደግፈው ‹‹ያዳምጣሉ››። ኩሽኔታው ነው ካሉ ኩሽኔታው ነው። በአጥንት የሄደ ጆሮ በአጥንት ተመለሰ እንበል?

ለማንኛውም፣ ዘንገና ዳር ተቀምጠን የሰማነውን እንደገባን እንነግራችኋለን። የገባን ትንሽ ስለሆነ አትሰለቹም።

ጄት ሞተር ሥራው አራት ነው። ከፊት አየር ይስባል፣ ይጨምቃል፣ ነዳጅ ረጭቶ ያቃጥላል፣ ከኋላ ይተፋል። ጣጣው ያለው መጨመቁ ላይ ነው። አየር እንደ ውኃ ነው፤ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ መሄድ አይወድም። ኮምፕሬሰር የሚባለው ክፍል ግን ስሱን አየር ‹‹ወደ ተጨናነቀው ግባ›› እያለ በግድ ያስገባዋል። ይህን የሚያደርጉት በረድፍ በረድፍ የተደረደሩ፣ በሚያስፈራ ፍጥነት የሚሽከረከሩ ትንንሽ ምላጮች ናቸው። ጋሼ ከሄዱ በኋላ፣ በ1991 ዓ.ም. አገራችን የገባችው ሱ-27 ሞተሯ ኤኤል-31ኤፍ ይባላል። 13 እንዲህ ያሉ ረድፎች አሉት፤ አየሩን ወደ 23 እጥፍ ይጨምቀዋል።

የአዲስ አበባ ልጆች እንዲገባችሁ፤ ሜክሲኮ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ሚኒባስ። ረዳቱ ‹‹ጠጋ ጠጋ በሉ!›› እያለ በር ላይ ቆሞ ሰው ይጠቀጥቃል። ሁሉም በሥርዓት እስከገፋ ድረስ አሥራ ሁለት ሰው በሚቀመጥበት ሃያ ሰው ይገባል። ግን በር ላይ ያለው አንዱ እግሩ ቢንሸራተትስ? ውስጥ የተጠቀጠቀው ሕዝብ ተመልሶ በመጣበት በር ይፈነዳል፤ ረዳቱም አስፋልት ላይ ይቀመጣል።

ኮምፕሬሰር ሲሸነፍ የሚሆነው ይኸው ነው። እያንዳንዱ ምላጭ እንደ ትንሽ ክንፍ ስለሆነ አየሩን በልኩ አንግል መቀበል አለበት። አንግሉ ከበዛ አየሩ ከምላጩ ላይ ይላቀቃል፤ ምላጩ መግፋት ያቅተዋል። ያኔ ከኋላ የታመቀው አየር ወደ ፊት ገንፍሎ ይመጣል። ድው! እንደ መድፍ ነው ይላሉ ጋሼ። አንዳንዴ እሳቱ ራሱ በአፉ በኩል ይወጣል። አየሩ ወጥቶ ግፊቱ ሲቀል ሞተሩ እንደገና ይስባል፣ እንደገና ይታመቃል፣ እንደገና ድው! በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ። ነዳጁ እየመጣ አየሩ ስለቀነሰ ሙቀቱ ይወጣል፣ ዙሩ ይወርዳል። ፓይለቱ ጋዙን ቶሎ ካልቀነሰ ሞተሩ ራሱን ያቀልጣል።

አሜሪካ የተማሩት የቀድሞ ባልደረቦቻቸው ይህን ‹‹ኮምፕሬሰር ስቶል›› ይሉታል፤ ጋሼ ግን ‹‹ፖምፓዥ›› ነው የሚሉት፣ በሩሲያኛው። አየር ኃይላችን በ1950ዎቹ መጨረሻ ኤፍ-5ን ከአሜሪካ አምጥቶ፣ ከ1969ኙ የሶማሊያ ጦርነት ወዲህ ደግሞ ሚግን ከሶቪየት ስላመጣ፣ አንድ በሽታ ሁለት ስም ነበረው ማለት ነው። ‹‹አንዱ ‹ስቶል› ሲል፣ አንዱ ‹ፖምፓዥ› ሲል፣ ሞተሩ በአማርኛ ይታመማል›› ብለው ሳቁ ጋሼ።

* * *

ቀጥሎ ‹‹ፎርሳዥ›› መጣ። ይህም አሜሪካኖቹ አፍተርበርነር የሚሉት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ውስጥ ከሚገባው አየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ነዳጁ የሚበላው ሩብ ያህሉን ነው። የቀረው እንዳለ በኋላ በኩል ይወጣል። ታዲያ ካልተበላ ምግብ ምን ይደረጋል? ሌላ እንግዳ ይጠራበታላ! ጭራው ውስጥ እንደገና ነዳጅ ይረጫል፣ እንደገና ይለኮሳል። የሚግ-21 ሞተር ያለ ፎርሳዥ ወደ 4 ቶን ይገፋል፣ በፎርሳዥ ወደ 6.5 ቶን። የሱ-27ቱ ከ7.6 ቶን ወደ 12.5 ቶን ይወጣል። ነዳጁ ግን ከእጥፍ በላይ ተባዝቶ ይጠጣል፤ ስለዚህ ለመነሻና ለጭንቅ ጊዜ፣ ለደቂቃዎች ብቻ ነው። ቢሾፍቱ ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፣ ባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛ ቢሆን ነው። ጭነት የያዘ አውሮፕላን ያለ ፎርሳዥ ከዚያ ሜዳ መነሳት ይከብደዋል።

‹‹ይኼ ሐይቅ›› አሉ ጋሼ ዘንገናን በከዘራቸው እያሳዩ ‹‹መሬት ፎርሳዥ የለኮሰችበት ነው።››

ፎርሳዥ ሲፈተሽ አውሮፕላኑ በብረት ገመድ ከኮንክሪት መሬት ጋር ይታሰራል። አስቀድሞ ሰው ተሰልፎ፣ አጎንብሶ፣ መሬቱን ይለቅማል። ጠጠር፣ ብሎን፣ የሽቦ ቁራጭ። አንዲት ጠጠር ወደ ውስጥ ብትሳብ ምላጩን ትሰብራለች። (‹‹እንደ ምስር ለቃሚ ነበርን›› ይላሉ።) ከዚያ ሁሉም ነገር በእጅ ምልክት ነው፤ ማንም ማንንም አይሰማም። ጋዙ ይከፈታል፣ ዙሩ ይሞላል፣ ፎርሳዡ ይለኮሳል። መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሆድ ዕቃ ይንቀጠቀጣል። ከጭራው የሚወጣው እሳት ውስጥ እንደ መቁጠሪያ የተሰካኩ የብርሃን እንክብሎች ይታያሉ። እንክብሎቹ ተርታቸውን ከጠበቁ ጤና ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እሳቱ ጭራው ውስጥ ሲለኮስ ጋዙ ያብጣል። ስለዚህ በዚያችው ቅጽበት የጭራው አፍ እንደ አበባ ተከፍቶ መስፋት አለበት። አበባው ከዘገየ ያበጠው ጋዝ መውጫ ያጣል፣ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ግፊቱ እስከ ኮምፕሬሰሩ ይደርሳል። ድው!

አያችሁ? ጩኸቱ ከፊት ነው፣ በሽታው ከኋላ።

ጋሼ አንድ ሞተር ላይ ሦስት ቀን የተሸነፉት እዚህ ላይ ነው። ፓይለቱ ሲመለስ መዝገቡ ላይ ‹‹ፖምፓዥ አለው›› ብሎ ጻፈ። ጋሼም ወጣት ነበሩ፣ ከሶቪየት የመጡ ሰሞን ነው፣ ‹‹ፖምፓዥ ከሆነማ ኮምፕሬሰሩ ነው›› አሉ። ምላጮቹን አንድ በአንድ በባትሪ እያበሩ አዩ። ምንም የለም። የአየር መግቢያውን አዩ። ምንም የለም። አስረው አስነሱት፤ ድው! እንደገና ፈቱት፣ እንደገና ገጠሙት፣ ድው!

በሦስተኛው ቀን አንድ አንጋፋ አለቃቸው መጥተው አንድ ነገር ብቻ አዘዙ። ፈተናው ላይ ለቆሙት አራት ሰዎች ለእያንዳንዳቸው ወረቀትና እርሳስ ሰጡ። ‹‹አንተ ሙቀቱን ብቻ እይ። አንተ ዙሩን ብቻ። አንተ እሳቱን ብቻ። አንተ የጭራውን አፍ ብቻ። ሲያልቅ እርስ በርሳችሁ ሳትነጋገሩ ያያችሁትን ጻፉ። ‹ፖምፓዥ› የሚል ቃል የጻፈ ቅጣት አለበት።››

ጻፉ። አራቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ተቀመጡ። መጀመሪያ እሳቱ ተለኮሰ። ከዚያ ዙሩ ወረደ፣ ሙቀቱ ወጣ። ከዚያ ጩኸቱ። የጭራው አፍ የተከፈተው ከሁሉም በኋላ ነው። አፉን ከሚከፍቱት የሃይድሮሊክ ፒስተኖች አንዱ ይዘገይ ነበር፤ ከግማሽ ሰከንድ ላልበለጠች ጊዜ። ኮምፕሬሰሩ ንጹሕ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ የፈቱት ጤነኛውን ነው።

‹‹ፓይለቱ አልዋሸም›› አሉ ጋሼ። ‹‹ግን የሰማውን አልነገረንም፤ የፈረደውን ነው የነገረን። እኛም ፍርዱን ተቀብለን ሄድን። ‹ፎርሳዥ ለኮስኩ፣ አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ጋዙን ስቀንስ ዝም አለ› ቢል ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ጭራውን እናይ ነበር። መቼ ጮኸ? ስንት ጊዜ? ከምን በፊት? ከምን በኋላ? ሲቀንስ ተወ ወይስ ቀጠለ? ይህን ነው የምጠይቀው። ‹ጓ› ወሬ አይደለም።››

ወዳጆቻችን፣ እዚህ ላይ ፊታችን ሲቀላ ቢያዩን ጦጣዎቹ ራሳቸው ያዝኑልን ነበር። ምን፣ መቼ፣ የት፣ ማን፣ ለምን፣ እንዴት። አንደኛ ዓመት፣ የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት። ፈተናው ላይም ደፍነነዋል።

* * *

ፊታችን የቀላው ግን ለ‹‹ጓ›› ብቻ አይደለም። ለጋሼ ያልነገርናቸውን ለእናንተ እንናገር።

ከተመረቅን በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለጥቂት ወራት በልምምድ ሠርተን ነበር። (የትኛው እንደሆነ አትጠይቁን፤ ጥፋቱ የእኛ ነው።) አንድ ሌሊት ከአንዲት ከተማ አንድ ሰው ደውሎ ‹‹ፍንዳታ ተሰማ›› አለን። እኛም ተሽቀዳድመን ‹‹ከባድ ፍንዳታ ተሰማ፣ ነዋሪዎች በስጋት ላይ ናቸው›› ብለን ጻፍን። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልጠየቅንም። ከዚያ በፊት መብራት ነበረ ወይ፣ ከዚያ በኋላስ ጠፋ ወይ አላልንም። ሁለተኛ ሰውም አልደወልንም። ‹‹ፍንዳታ›› የሚለውን ቃል ተቀብለን ሄድን።

ለካ የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ነው የፈነዳው። አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ጨለማ። ቢጠየቅ በሁለት ጥያቄ የሚታወቅ ነገር። ወሬያችን ግን ስልክ ለስልክ ከተማዋን ዞረ፤ መጀመሪያ ያልተኙት ተነሱ፣ ከዚያ የተኙት ተነሱ። ከአንዲት አራስ ጋር በኋላ በስልክ አወራን። ልጇን አቅፋ ሌሊቱን ሜዳ ላይ ነው ያደረችው። ‹‹ብርዱ ለእሱ አስፈርቶኝ ነበር፣ ግን ደህና ነው›› አለችን። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለን ነበር። ማስተካከያው በማግስቱ ወጣ። ማስተካከያ የሚያነብ ሰው ስንት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

* * *

ጋሼ ግን ወደ ባሕር ዳር ወሬ ተሻግረው ነበር።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ነው። ዘመን በተለወጠ በአምስተኛው ቀን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን 98 መንገደኞችና 6 ሠራተኞች ይዞ ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ተነሳ። ሲነሳ የርግብ መንጋ መሐል ገባ። እያንዳንዱ ሞተር ከ10 እስከ 16 የሚደርሱ ርግቦች ዋጠ። የተጎዱ ምላጮች አየሩን መያዝ አቃታቸው፤ ሁለቱም ሞተሮች ይጮኹ ጀመር። ፓይለቶቹ ከፍታ ይዘው ወደ ማረፊያው ሊመለሱ ሲዞሩ ሁለቱም ከዷቸው። አውሮፕላኑ ጎማውን ሳያወጣ በሆዱ ሜዳ ላይ አረፈ፤ እሳት ተነሳ። ከ104 ሰዎች 35 ሞቱ። 69 ተረፉ።

‹‹የሲቪል ነው፣ የእኛ አልነበረም›› አሉ ጋሼ። ‹‹ፎርሳዥም የለውም። ግን ያን ሰሞን የሞተር ሰው ሁሉ የሚያወራው እሱን ነበር። ጠላት ተኮሰበት፣ ተጠመደበት ቢባል ሰው በቀላሉ ያምናል፤ ዘመኑ የጦርነት ነው፣ ድምፁም መድፍ ነው። የተገኘው ግን ላባ ነው። ሞተሩ ተፈትቶ ላባ ባይታይ ኖሮ ስንት ሰው በርግብ ጥፋት ይታሰር ነበር?››

እኛም ቆጠርን። መስከረም 1981። ከዚያ ሦስት ወር እንኳ ያልሞላ ጊዜ ወደ ኋላ ብትሄዱ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ነው። ትግራይ ውስጥ ሀውዜን በገበያ ቀኗ በሚግ አውሮፕላኖች የተደበደበችበት፣ እጅግ ብዙ ሰላማዊ ገበያተኛ ያለቀበት ቀን። ጋሼ ያኔ ሥራቸው ላይ ናቸው።

የተማርነውን ጥያቄ እንጠይቅ አልን። መንቀጥቀጣችንን ግን አንደብቃችሁም።

‹‹ጋሼ፣ እነዚያ እናንተ ፈትሻችሁ የምትለቋቸው… ወዴት ነበር የሚሄዱት?››

አፋችንን አይተዋል። ሰምተዋል። ግን ለረጅም ጊዜ ውኃውን ነው ያዩት። አንድ ጦጣ መጥቶ የቀረውን ዳቦ ወሰደ፤ ማናችንም አልተከላከልንም።

‹‹ሞተሩን ያልጠየቅኩት ነገር የለም›› አሉ በመጨረሻ። ‹‹መቼ፣ ስንት ጊዜ፣ በምን ዙር፣ በስንት ሙቀት። ‹ወዴት› ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም። የእኔ ሥራ ልጁ ደህና ሄዶ ደህና እንዲመለስ ነው እል ነበር። ይመለሳሉ። ሲሄዱ ክንፋቸው ሥር የነበረው ነገር ሲመለሱ የለም። ባዶውን እናያለን። ባዶ መሆኑን መዝገብ ላይ እንጽፋለን። የት እንደቀረ አንጠይቅም።››

ሀውዜን የሄዱትን የነካ እጅ የእሳቸው ይሁን አይሁን አያውቁትም። እንዳለመጠየቃቸው ማወቅም አይችሉም። ጋሼን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምንጽፈው። በዚያ ዘመን ‹‹ወዴት?›› ብሎ የጠየቀ ቴክኒሻን ምን ይጠብቀው እንደነበር እኛ በሰላም ዳቦ እየበላን መፍረድ አይገባንም። ለማጽዳትም አይደለም። ራሳቸውን አላጸዱም። ‹‹ይህንንስ ልጻፈው?›› ስንላቸው ያሉን ይህን ነው፦ ‹‹ስሜን ሳትጠሪ ጻፊው። ያልጠየቅኩትን ጥያቄ ግን ሳትጽፊ እንዳትቀሪ።››

* * *

ልንነሳ ስንል ድምፁ እንደገና መጣ። ልጆቹ እንደገና ወደ ዛፉ ሮጡ። ጋሼ የእኛን አንገት አዩ።

‹‹እስቲ ዘግቢ።››

ዓይናችንን ጨፈንን። ልባችን አሁንም ይመታ ነበር፤ ግን የልባችንን ድምፅ ከሰማዩ ድምፅ ለየነው። እሱ ራሱ አንድ ሥራ ነው።

‹‹ከደቡብ ወደ ሰሜን ነው። ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ አይዞርም፣ አንድ ቦታ አያንዣብብም። አይቆራረጥም። ወፍራም ነው፣ ግን… ከፍ ዝቅ ይላል፣ እንደ ሞገድ፣ በእኩል ጊዜ፣ ው-ው-ው-ው። ከቅድሙ ይልቅ ዝቅ ያለ ይመስላል። አይ፣ ‹ይመስላል› አይደለም። ዝቅ ብሏል፣ አሁን ደመናው ሥር ይታያል።››

ጋሼ ፈገግ አሉ። ‹‹ሁለት ፕሮፔለር ነው። ሁለቱ ሙሉ በሙሉ እኩል ስለማይዞሩ ድምፃቸው አንዴ ይገናኛል፣ አንዴ ይላቀቃል፤ ሞገዱ እሱ ነው። የመንገደኛ ነው። ባሕር ዳር ሊወርድ ነው። አሁን ንገሪያቸው›› ብለው በከዘራቸው ወደ ዛፉ ጠቆሙን።

‹‹የመንገደኛ ነው!›› ብለን ጮኽን። ‹‹ሰው የያዘ ነው! ወደ ባሕር ዳር!››

ሁለቱ ልጆች ወዲያው ወጡ። ሦስተኛው ትንሹ ግን ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ እዚያው ቆየ። አንፈርድበትም። አንድ ጊዜ ‹‹ፍንዳታ›› ብለን ከጻፍን ሰዎች አንዷ ‹‹የመንገደኛ ነው›› ስላለችው ብቻ ማመን የለበትም።

እንግዲህ ይኸው ነው። ሥራ አሁንም እየፈለግን ነው፤ የምታውቁ ጠቁሙን። ከጋሼ የተማርነውን ወረቀት ላይ ጽፈን ጠረጴዛችን በላይ ለጥፈነዋል። ‹‹መቼ? ስንት ጊዜ? ከምን በፊት? ከምን በኋላ?›› ይላል። ከሥሩ ደግሞ በትልቁ፣ በቀይ እስክሪብቶ ‹‹ወዴት?››

እስከዚያው ቸር ያሰማን።